በየሶላቱ አንድ ቀይ ክር

አባቴ ራሺድ ጠዋት ጠዋት ሁለት እጅ አለው። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ግን አንድ ብቻ ይቀረዋል፤ ሌላኛው የግራ ዓይኑን ቆብ ደግፎ ይይዛል። እንደ ድንኳን በር ወደ ላይ ካልገፋው ይዘጋበታል። በቀረው እጁ መወርወሪያውን ይወረውራል፣ ዓይኑን ለቅቆ ይቀልባል፣ ከዚያ እንደገና ዓይኑን ያነሳል። እንዲህ የሚሠራ ሸማኔ በጋይንት ምድር ካለ አሳዩኝና ትምህርቴን እተዋለሁ። በእርግጥ ብዙ የምተወው የለኝም፤ ዘግይቼ ስለገባሁ በአሥራ አምስት ዓመቴ አምስተኛ ክፍል ነኝ።

"አባ፣ ዓይንህን በመርፌ ወደ ላይ ልጥቀምልህ?" እለዋለሁ።

"መጀመሪያ የራስሽን አፍ ጥቀሚ ራቢያ፤ ክር ከተረፈሽ ወደኔ ትመጫለሽ" ይለኛል።

ድምፁም ከሰዓት በኋላ ይለወጣል፤ ባፍንጫው የሚያወራ ይመስላል። እህል ሲበላ አገጩ ይደክመዋል። አራተኛው ጉርሻ ላይ በመዳፉ ደግፎ ነው የሚያላምጠው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ሱብሂ ላይ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ሰው ዓይኑ ቦግ ብሎ ይነሳል፤ ያንጎራጉራል፤ እኔን በእግሩ ጎንተል አድርጎ "ተነሽ አንቺ ሰነፍ" ይላል። ማን ማንን ሰነፍ እንደሚል ተመልከቱ።

እናቴ ሰዒዳ ነጋዴ ናት። ቡናና ጨው ጭና ከአርብ ገበያ ወገዳ፣ ከወገዳ ንፋስ መውጫ ትዞራለች፤ ቤቷ የምታድረው ሐሙስና ዓርብ ነው። የአባቴን ነገር "የሰው ዓይን ነው" ብላ ክታብ አሠርታ አንገቱ ላይ አንጠልጥላለታለች። ክታቡ እስከ ዙህር በጣም ጥሩ ይሠራል።

ይሄ ሁሉ በኛው ቤት ቢቀር ኖሮ ቀልደን እንኖር ነበር። የማይቀልደው ማኅበሩ ነው። የከተማችን ሸማኔ ሁሉ «ንጋት ኮከብ» የሚባል ማኅበር ውስጥ ነው። ፈትሉን ማኅበሩ ያድላል፤ ያለቀውን ቡሉኮ ማኅበሩ ይረከባል፤ የሽመና ዕቃውም፣ አባቴ ከአባቱ የወረሰው እንኳ ሳይቀር፣ የማኅበሩ ንብረት ተብሎ ተጽፏል። ሊቀመንበሩ ጋሽ ካሳ ራሱ ሸማኔ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል። ስብሰባ ላይ ሲቆም ግን ድምፁ ከሬዲዮ የሚመጣ ይመስላል።

በዚህ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ላይ፣ አባቴ ያስረከበውን ቡሉኮ ጋሽ ካሳ ሰው ሁሉ ፊት በፀሐይ ላይ ዘረጋው።

"ጓድ ራሺድ፣ ይሄ ምንድን ነው? አንዱ ክንድ እንደ ሰሌን የጠነከረ፣ አንዱ ክንድ እንደ ወንፊት! ጫት ነው? እንቅልፍ ነው? ወይስ አሻጥር ነው?"

"ድካም ነው" አለ አባቴ።

"የደከመው ሰው ያርፋላ! የሚያዝያው ስብሰባ ላይ የምታመጣው ቡሉኮ እንዲህ ከሆነ ዕቃው ተነቅሎ ለሌላ አባል ይሰጣል። አለቀ።"

ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ተመለስን። በራችን አጠገብ ሲደርስ፣ "አንቺ ራቢያ፣ ሸማኔ ዕቃውን ከወሰዱበት ምን ተብሎ ይጠራል?" አለኝ።   መሬት የለውም፣ በሬ የለውም፣ ከመወርወሪያ በቀር የጨበጠው ነገር የለም።

አባቴ ጤና ጣቢያው፣ ድሬሰር ጋ ሄዷል። ጠዋት ነው የሄደው፤ ወረፋው ጠዋት ስለሆነ። ድሬሰሩ ዓይኑን አየ፣ ክንዱን አጠፈ፣ "ከኔ ትሻላለህ" ብሎ አሰናበተው። አባቴም ከሰዓት በኋላ ዓይኑን በጣቱ ይዞ፣ "እሱስ እውነቱን ነው፤ ከዙህር በፊት ከማንም እሻላለሁ" አለ።

እንግዲህ ያኔ ነው ጉድጓዱ ውስጥ የገባሁት።

የሸማኔ ጉድጓድ የወንድ ነው። እኛ ሴቶች እንፈትላለን፣ እናዳውራለን፣ ክሩን በመወርወሪያው ቀሰም ላይ እናጠነጥናለን። እግሯን ጉድጓድ ውስጥ አውርዳ መርገጫ የምትረግጥ ሴት አላየሁም፤ ሴት ከገባች ድሩ ይበጣጠሳል ይላሉ አሮጊቶቹ። እኔ ገባሁ፤ ድሩ ምንም አላለም። አባቴ እስከ ዙህር ይሠራል፤ ሰግዶ መደቡ ላይ ጋደም ሲል እኔ ከትምህርት ቤት እመጣለሁ፣ በሩን ዘግቼ እገባለሁ።

"ቀስ፣ ቀስ! ቡሉኮ ነው እንጂ ጠላትሽ አይደለም" ይለኛል ዓይኑን ጨፍኖ።

"የጋሽ ካሳን ፊት እያሰብኩ ነው የምጠቀጥቀው።"

"እንግዲያው ሰውየው እንዳይሰበር።"

የመጋቢቱን ቡሉኮ እንዲህ ለሁለት ሠርተን አስረከብን። ጋሽ ካሳ አገላብጦ አየውና ተረከበው። እኛም ለሚያዝያው ሌላ ድር ወጠርን። ተንኮሌ የሠራ መስሎኝ እየዘለልኩ ነው የምሄደው፤ የአባቴን ሕመም የቀበርኩት በዚያው ጉድጓድ ውስጥ መሆኑን አላወቅሁም።

አሁን ወደ አንድ ዓሣ ነገር ልምጣ።

የሳይንስ መምህራችን ዓለምጸሐይ ከአዲስ አበባ የመጣች ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ አልጨረሰችም። ለምን አልጨረስሽም ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄያት፣ "ራቢያ፣ ስለ ቅጠል ነው የምንማረው" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም፤ እኔም አንዳንዴ ይገባኛል።

አንድ ሰኞ ለሳይንስ ትምህርት ዓሣ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንደምታውቁት የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ይሰክራል፤ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። አንዱን በአፈ ሰፊ እንስራ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ከትቼ ክፍል አመጣሁት። እንስራውን ስንከበው ዓሣው በጎኑ ተኝቷል፤ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቆይቶ ጅራቱን አንቀሳቀሰ፣ ቀስ እያለም ተቃና።

"ብርብራው ትንፋሹን ነው የቀማው" አለች መምህርቷ። "ንጹሕ ውኃ ሲያገኝ ተመለሰለት። ግን ትንፋሽ ሳይጎድል፣ ሥጋም ሳይጎዳ፣ ዓሣ መዋኘት ሊያቅተው ይችላል። ለምን ይመስላችኋል?"

 እሷ ሰሌዳው ላይ ሣለችው። ከአንጎል የሚመጣ ክር አለ፣ ነርቭ ይባላል። ጡንቻ አለ። ሁለቱ ግን አይነካኩም፤ በመካከላቸው ስንጥቅ አለ። ነርቩ ሲታዘዝ ከጫፉ አንድ ቅመም ስንጥቁን ያሻግራል፤ በወዲያ በኩል ጡንቻው ላይ ያንን ቅመም የሚይዝ ተቀባይ አለ። ተቀባዩ ሲይዘው ጡንቻው ይኮማተራል፣ ጅራት ይወዛወዛል።

"እንደ መወርወሪያ!" አልኩ እጄን ሳላወጣ።

"እንደ ምን?"

ለካ የአዲስ አበባ ልጅ የሽመና ዕቃ አይታ አታውቅም። ወጣሁና የሰሌዳ መጥረጊያውን ይዤ አሳየኋት፦ ቀኝ ይወረውራል፣ በድሩ መካከል ያልፋል፣ ግራ ይቀልባል፤ ግራ ካልቀለበ ቀኝ ቢወረውር ዋጋ የለውም፣ መሬት ይወድቃል። መምህርቷ መጥረጊያውን ከእጄ ወስዳ ለራሷ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረችው፤ ፊቷ እንደ ሕፃን ሆነ።

"ከዛሬ ጀምሮ እንደዚህ ነው የማስተምረው" አለች። "ይሄ የሚቀልበው እጅ ደግሞ፣ ልጆች፣ አምስት ጣት አለው። አምስት ቁራጭ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ መካከላቸው በር ነው። ቅመሙ ሲነካቸው በሩ ወለል ይላል። በባሕር ውስጥ እስከ ዛሬ የሚኖር መንጋጋ የሌለው ዓሣ አለ፤ እንደ አልቅት ተጣብቆ የሚመጥ፤ አጥንት እንኳ ገና አላበጀም። ዘሩ ከዓሣ ሁሉ የቆየ ነው። የእሱም ጡንቻ የሚቀልበው በዚሁ ዓይነት እጅ ነው። እኛም ጋ ያለው የዚያው ዘመድ ነው።"

"እና ዓሣ አክስታችን ናት?" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"በጣም የራቀች አክስት" አለች ሳትስቅ። "ለሠርግ የማትጠራ። ግን እጇን አውርሳናለች።"

"ለምን አልተለወጠም? ስንት ዘመን!"

"ጥቂት ጥቂት ተለውጧል። ግን መቅለብ የሚችል እጅ ያለው ዓሣ ይሸሻል፣ ይበላል፣ ይወልዳል። የማይቀልበው ይበላል። ስለዚህ የሚቀልበው እየተወለደ ቀጠለ።" ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ከማስተማር ወደ ማውራት እንደምትሻገር ያወቅሁት ያኔ ነው። "ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህራችን የነገረን አለ። ሲነኩት የሚያነዝር ዓሣ አለ፤ የሚያነዝርበት አካሉ ድሮ ጡንቻ የነበረ ነው፣ መኮማተር የተወ። በዚያ ውስጥ ተቀባዩ እንደ ጤፍ ነው ብዛቱ። ምሁራን ተቀባዩን ከዓሣው ወስደው ጥንቸል ወጉበት። የጥንቸሏ ደም ውስጥ ያሉት ጠባቂዎች ባዕድ ገባ ብለው ተነሡ። ከዚያ ግን የዓሣውን እጅና የራሷን የጥንቸሏን እጅ መለየት አቃታቸው፤ በጣም ይመሳሰላላ። የገዛ እጆቿን ይዘው ይጥሉ ጀመር።"

"እንደ አብዮት ጥበቃ!" አልኩ።

መምህርቷ ወደ መስኮቱ አየች።  "ራቢያ፣ እሱን ምሳሌ ውኃ ጠጪበት" አለችኝ ቀስ ብላ። እኔም ዋጥኩት።

"ጥንቸሏስ?" አለች ከኋላ አንዷ።

"ደከመች። አንገቷ ወደቀ። ወዲያ የሚወረውረው ነርቭ ደኅና ነው፤ ጡንቻዋም ደኅና ነው፤ የሚቀልበው እጅ ነው የጎደለው። የተወረወረው ቅመም ቶሎ እንዳይጠፋ የሚያደርግ መድኃኒት ሲሰጧት፣ የቀሩት ጥቂት እጆች ደጋግመው መቅለብ ቻሉ፣ ተነሥታ ቆመች። እንዲህ የሚያደርግ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም አሉ። ጠዋት ደኅና ናቸው፤ በሠሩ ቁጥር ይደክማሉ፣ የዓይናቸው ቆብ ይወድቃል፤ ሲያርፉ ይመለስላቸዋል።"

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም። እንስራው ውስጥ ዓሣዬ ተነሥታ ትዞራለች። እኔ እንስራው ሥር ተቀምጬ የግራ ዓይኔን ቆብ በጣቴ ወደ ላይ እገፋለሁ።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ ጎንበስ ብላ።

"አባቴ ጥንቸል ነው" አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን መጣች። ጠዋት! ከሰዓት በኋላ የመምህራን ስብሰባ አለባት። አባቴ ሱሪውን አራግፎ ተቀበላት፤ ዓይኑ እንደ ኮከብ ነው፣ ድምፁ አዛን እንደሚጠራ ሙአዚን ነው።

"ይግቡ መምህርት፣ ይቺ ልጅ ምን አጠፋች?"

"ምንም አላጠፋችም፣ ጋሼ። እንዴት ሰነበቱ? ስለ ድካምዎ ልጠይቅዎ ብዬ ነው።"

"ትንሽ ይይዘኝና ይለቀኛል፤ የዕድሜ ነገር ነው።" ውሸታም! አርባ ሦስት ዓመቱ ነው።

መምህርቷ ዓይኑን አየች፣ ክንዱን አየች። ከዚያ ጉድጓዱ አጠገብ ቁጢጥ ብላ የተጀመረውን ቡሉኮ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከዳር እስከ ዳር። ወደኔ ዞረች፤ አዘነችልኝ።

"ራቢያ፣ ይሄ ሥራ እኩል ነው። ያልኩሽ ሕመም ቢሆን ኖሮ ከሰዓት በኋላ የተሠራው መላላት ነበረበት። የሳትኩ ይመስለኛል።"

አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። ያ አስተያየት ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ ይላል። ሴት ልጁ ጉድጓድ ገባች ከሚባል ዓይኑ ቢጠፋ ይሻለዋል። ደግሞም ነገሩ ጋሽ ካሳ ጋ ከደረሰ፣ ከላላ ቡሉኮ የባሰ አሻጥር የሚባል ስም ያወጡለታል። እኔም ምላሴን ነከስኩ። መምህርቷ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፣ በሩ ጋ ደረሰች።

"ከሰዓት በኋላ ያለው የኔ ነው" አልኩ።

 እጄን ዘረጋሁላት፤ አውራ ጣቴ ላይ መወርወሪያው ያወጣውን መጅ አየችው። አባቴ መደቡ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሕይወቴ ሰድቦኛል፣ ጫማ ወርውሮብኛል፤ ፊቱን ግን አዙሮብኝ አያውቅም።

"አባ…"

"ተይኝ።"

መምህርቷ አልወጣችም። ተመልሳ አጠገቡ፣ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ስለ ዓሣው ነገረችው፤ ለኛ እንደነገረችን ሳይሆን እንደ ሸማኔ፤ ቀኝ ይወረውራል፣ ግራ ይቀልባል፣ የርስዎ ግራ እጆች እየጎደሉ ነው እያለች። ያንን መንጋጋ የሌለውን ዓሣ ስታነሣ አባቴ ቀስ ብሎ ዞረ።

"የዓሣውና የኔ እጅ አንድ ነው?"

"ዘመድ ነው፣ ጋሼ።"

 "ጌታ ጥሩ ሸማኔ ነው" አለ። "ማጉን ይለዋውጣል፤ ድሩን ግን አንዴ ወጥሮታል።" ከዚያ ወደኔ አየ። "ነይ ወዲህ አንቺ አፈ ቀላጤ።" ሄድኩ። ራሴን ወደ ትከሻው ሳበው፤ ጠዋት ስለሆነ ኃይል ነበረው፣ አንገቴን አመመኝ።

መምህርቷ የነገረችን ይሄ ነው። ደብረ ታቦር ሆስፒታል የኩባ ሐኪም አለ፤ ደብዳቤ ትጽፍለታለች። ግን እዚያም ወረፋው ጠዋት ነው፤ ሐኪሙም ጠዋት ጤነኛ ሰው ነው የሚያየው። ስለዚህ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃው ይሄ ቡሉኮ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ አባቴ ብቻውን ከሠራው፣ ማንም ካልነካው።

"ቡሉኮው ይበላሻላ!" አልኩ። "ለሚያዝያው ስብሰባ የምናስረክበው እሱን ነው። ሌላ ፈትል የለንም። ጋሽ ካሳ…"

"አውቃለሁ" አለች። "ስለዚህ ልላችሁ አልችልም። እናንተ ናችሁ የምትወስኑት።"

አባቴ የሽመና ዕቃውን አየው፤ አባቱ ያለሰለሰውን እንጨት። "ካላሳየን ሕመሙ ይወስደዋል" አለ። "ካሳየን ካሳ ይወስደዋል። ካሳ ይሻላል፤ ቢያንስ ከሱ ጋ መከራከር ይቻላል።"

የመጀመሪያውን ቀይ ክር ያሰብኩት እኔ ነኝ። አባቴ ሰዓት የለውም፤ ቀኑን የሚቆርጠው በሶላት ነው። ስለዚህ ሰግዶ በተመለሰ ቁጥር፣ ከነጩ ማግ መካከል አንድ ቀይ ክር ያሳልፋል። ሱብሂ ቀይ፣ ዙህር ቀይ፣ የከሰዓት በኋላው አስር ሶላት ቀይ። በቀዩና በቀዩ መካከል ያለው ሥራ የዚያ ሰዓት ሥራ ነው።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት ልንገራችሁ ብል አልችልም። እኔ ከትምህርት ቤት እመጣለሁ፣ መደቡ ላይ እቀመጣለሁ፣ በሁለቱ እጆቼ ላይ ቁጭ እላለሁ። እውነቴን ነው፣ ከቂጤ ሥር አድርጌያቸው። አባቴ ይወረውራል፤ መወርወሪያው ይወድቃል። ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል፤ ሲነሣ ዓይኑ ይዘጋል። ዓይኑን ይደግፋል። ማጉን ሊጠቀጥቅ ይስባል፣ ክንዱ መንገድ ላይ ይቀራል። ነጩ ሥራ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ጣት ያሳልፋል።

"አንዴ ብቻ ልጠቅጥቅልህ አባ። አንዴ።"

"ተቀመጪበት።"

"ደነዘዘኮ!"

"የኔም ደንዝዟል። አብረን እንደንዝዛ።"

አንድ ቀን አስር ላይ መወርወሪያውን አምስት ጊዜ ጣለው። አላነሳሁለትም። አለቀስኩ እንጂ አላነሳሁለትም። በኋላ ዓይኑን ይዞ፣ "እንባሽን ወደዚያ፣ ፈትል ያበሰብሳል" አለኝ።

ቡሉኮውን ጠቅልለን፣ ከንፋስ መውጫ በጭነት መኪና ቻይናዎቹ በሠሩት መንገድ ደብረ ታቦር ሄድን። እናቴም ገበያዋን ትታ አብራን መጣች። እንደተባለውም ጠዋት ገባን። የኩባው ሐኪም ረጅም ነው፤ አማርኛው "ደህና"ና "ሽቅብ"ን አያልፍም። ሲስተር ፈትለወርቅ የምትባል ነርስ ታስተረጉምለታለች። ደብዳቤውን አነበበ፣ አባቴን አየ፣ ግንባሩን አኮማተረ። አባቴ ሙሽራ መስሏል።

"ደህና" አለ ሐኪሙ።

ያንን ቃል ስሰማ ጥቅሉን ፈትቼ ቡሉኮውን መሬት ላይ፣ ከጠረጴዛው እስከ በሩ ወረወርኩት። ሲስተር ፈትለወርቅ "አንቺ ልጅ!" አለች። እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ በዳር በዳሩ እየሄድኩ አሳየሁት፦ ቀይ፤ ጥብቅ ነው። ቀይ፤ ላልቷል። ቀይ፤ ወንፊት ነው። ቀይ፤ አድሮ ነግቷል፣ ጥብቅ ነው። እንደገና። እንደገና። አሥራ ሁለት ቀን።

 ሐኪሙም ጫማውን አወለቀ። በካልሲው በርከክ ብሎ ከቀይ ወደ ቀይ በጣቱ ዳሰሰ፤ በላላው ላይ ጣቱን አሾልኮ በወዲያ በኩል አየው። ለራሱ በቋንቋው የሆነ ነገር አለ። ተነሥቶ አባቴን "ሽቅብ!" አለው፤ ጣሪያውን እንዲያይ፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

አባቴ ሽቅብ አየ።  ቆየ፤ ቆየ። የግራው ቆብ መውረድ ጀመረ፤ በጠዋት! ከዚያ የቀኙም። እናቴ "ያ አላህ" አለች።

መርፌ ወጉት፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የላላውን ጡንቻ ለመመለስ የሚያገለግል መድኃኒት ነው አለች ሲስተሯ። አባቴ ወንበሩ ላይ ዓይኑ ወርዶ ተቀምጧል። እኔ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብዬ ጉልበቱን ይዣለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ የግራው ቆብ እንደ ጀንበር ብቅ አለ፤ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ፣ ከዚያ ሙሉ። በሁለቱም ዓይኖቹ አየኝ።

"አፍንጫሽ ቆሽሿል" አለኝ።

እናቴ ክታቡን አልፈታችም። ሐኪሙ ያዘዘለትን ኪኒን ከክታቡ ጋር በአንድ ከረጢት አንጠለጠለችው፤ "ሁለቱም ይሥሩ፣ ማን ጠላቸው" ብላ።

የሚያዝያው ስብሰባ ላይ አባቴ ያንኑ ቡሉኮ ይዞ ገባ። እኔ ሴትም ልጅም ስለሆንኩ በር ላይ ቀረሁ። ጋሽ ካሳ ዘረጋው። የሬዲዮ ድምፁን ሊያወጣ አፉን ከፈተ።

"ወንፊቱም የኔ ነው፣ ሰሌኑም የኔ ነው" አለ አባቴ ቀድሞ። "ማንም አልነካውም። ቀዩ የሶላት ሰዓት ነው።" የሐኪሙን ወረቀትም ሰጠው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጋሽ ካሳ ማኅተሙን ብቻ አይቶ ወደ ጎን አስቀመጠው። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገ፤ ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን ቡሉኮው ላይ ያስኬድ ጀመር፤ ከቀይ ወደ ቀይ።

"ይሄኛው ምኑ ነው?"

"ሱብሂ።"

"ይሄ?"

"ከዙህር በኋላ።"

"ይሄስ… አስር ነው፤ አትንገረኝ።" እስከ ጫፉ ሄደ። ሰዉ ሁሉ ጣቱን ያያል። ዓይኑን ሲገልጥ የገዛ ድምፁ ነበር የወጣው። "ሰነፍ ሰው በየቀኑ በአንድ ሰዓት አይሰንፍም" አለ። "አሻጥረኛም ሰዓት አይጠብቅም። ይሄ ሕመም ነው። ዕቃው ባለበት ይቆይ፤ መድኃኒቱ እስኪይዘው ግማሽ ድርሻ ይሥራ። የሚቃወም አለ?"

የተቃወመ የለም። ቡሉኮውን ጠቅልሎ ወደ አባቴ ወረወረው። "ይሄንን ግን ማኅበሩ አይረከብም። ማን ይለብሰዋል!" አባቴ ቀለበው፤ በሁለት እጁ።

ልንሄድ ስንል ጋሽ ካሳ በሩ ላይ አገኘኝ። እጄን ቶሎ ከሻርፔ ሥር ደበቅሁ። ዘግይቻለሁ፤ አውራ ጣቴን አይቶታል። 

"የመጋቢቱ ቡሉኮ በደንብ ተጠቅጥቋል" አለ ወደ ሰማይ እያየ። "ትንሽ ንዴት አለበት እንጂ።" ሄደ።

ባለ ቀይ ክሩን ቡሉኮ የምለብሰው እኔ ነኝ። በራስጌዬ በኩል ጠዋቱ ነው፣ ይሞቃል። በላላው በኩል እግሬ ሾልኮ ይወጣና ይበርደኛል፤ አልጠቅመውም። አባቴ አሁን ከዙህር በፊት አንድ ኪኒን ይውጥና እስከ አስር ይሠራል። አንዳንድ ቀን ይበቃዋል፣ አንዳንድ ቀን አይበቃውም። በማይበቃው ቀን ራሱን መደቡ ላይ ያሳርፍና ወደ ጉድጓዱ በአገጩ ያመለክተኛል። በሩን መዝጋት ግን ትቻለሁ።